ሦስቱ ማሽኖችና የአባቴ ዓይን

አባቴ በስድሳ ዓመቱ ጌም ይጫወት ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም የሚያምነኝ ሰው የለም። ያኔ ደግሞ፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጌም የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ነጂ ነው። ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከድሬዳዋ አዋሽ እየተመላለሰ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ከሥራ የወጣው ዓይኑ ስለደከመ ነው። በምርመራ ጊዜ ሐኪሙ የዓይኑ ግፊት ከፍ ማለቱን ነገረው፣ ጠብታ አዘዘለት፣ ባቡር መንዳት ግን በቃህ አለው። ያን ቀን ከዚራ ያለው ቤታችን ገባ፣ ዩኒፎርሙን አወለቀ፣ ሽርጡን አገለደመና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጠዋት በረንዳው ላይ ትቼው እወጣለሁ፣ ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። ጓደኞቹ ጫት ለመቃም ለበርጫ ሲጠሩት ጥቂት ጊዜ ሄደና ተወው።

"የሚያወሩት ስለ ባቡር ነው" አለኝ። "እኔ ምን ልበል?"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስመለስ በረንዳው ባዶ ነው። ራዲዮውን ሊያሠራ ይዞ ወደ መጋላ እንደተሻገረ ጎረቤቶች ነገሩኝ። የደቻቱን ድልድይ አልፌ የራዲዮ ሠሪው ሱቅ ደረስኩ። ራዲዮ ሠሪው ቤተሰቦቹ ከየመን መጥተው ድሬ የቀሩ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ፣ አባቴን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሜ ያየሁትን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን የታይፕራይተር ቁልፍ የመሰለ ነገር ላይ አድርጎ፣ ፊት ለፊቱ ካለው ቴሌቪዥን ዓይኑን ሳይነቅል ይስቃል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ትከንፋለች።

"ነይ እዪ!" አለኝ ዞር ሳይል። "ይታጠፋል!"

"ምኑ ነው የሚታጠፈው?"

"መኪናዋ ናት እንጂ! ባቡር እኮ መሪ የለውም። ሠላሳ ዓመት ሐዲዱ በወሰደኝ ሄድኩ። አሁን ይኸው፣ በገዛ እጄ ወደ ግራ ታጠፍኩ።"

ማሽኑ ለጥገና የመጣ የደንበኛ ንብረት ነበር። አባቴ አራት ቀን ተመላለሰ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቱ ወሰደው፤ አባቴም በረንዳው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አልከፋኝም አለ። ጣቶቹ ግን የወንበሩ እጀታ ላይ ግራና ቀኝ ሲሉ አያለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው ስለማላውቅ፣ አንድ ማሽን ልፈልግለት ወሰንኩ።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ ከጅቡቲ ዕቃ የምታመላልስ ሶማሌ ነጋዴ ነበረች። ከላይ ሽቶና ጨርቅ ትሸጣለች፣ ከጓዳ ደግሞ ቴፕና ቴሌቪዥን። ራዲዮ ሠሪውን ይዤ ሄድኩ፤ አባቴም ተከተለን። ነጋዴዋ በሩን ዘግታ፣ መጋረጃውን ስባ፣ ምንጣፉ ላይ ሦስት ማሽኖች ደረደረችልን።

"ወላሂ ቲቸር፣ ከእነዚህ ሌላ ድሬ ውስጥ ካገኘሽ በነፃ ውሰጂ" አለች።

የመጀመሪያው ሻንጣ የመሰለ፣ እጀታ ያለው፣ ለእርዳታ ሥራ መጥቶ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ የተወው ኮምፒዩተር ነበር። ክዳኑ ሲነሣ ከቁልፎቹ ፊት ለፊት የራሱ ስክሪን ይወጣል፤ ስክሪኑ ግን ከመዳፌ ብዙም አይበልጥ፣ ከአረንጓዴ ሌላ ቀለምም የለው። ከጀርባው የራሱ ማራገቢያ አለው፤ ሲበራ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፣ በጎኑ በኩል ሞቃት አየር ሲወጣ በእጅ ይታወቃል። ሁለተኛው ቁልፎቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል የተጻፈበት፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ ማሽን ነው። ራዲዮ ሠሪው ሰካክቶ ሞከረው። ምስሉ ትልቅ ነው፣ ቀለምም አለው፣ ግን መኪናዋ ቁልፉ ከተነካ በኋላ ቆይታ ነው የምትታጠፈው።

"ይሄስ ፍሬን የያዘው ባቡር ነው" አለ አባቴና ተወው።

ሦስተኛው የሁለተኛው ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ አዲስ፣ ቀጭን፣ ጥቁር። እሱም ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። አባቴ ቁልፉን ሲነካ መኪናዋ ወዲያው ታዘዘች። የመንገዱ ዳር ሣር፣ ዛፎቹ፣ ከኋላ የሚመጡት መኪኖች ሁሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አባቴ አንዴ ሳቀና መንዳቱን ቀጠለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ራዲዮ ሠሪው እጁን ማሽኑ ጀርባ ላይ አስቀምጦ ወዲያው አነሣው።

"ይሄን አትግዙ" አለ።

"ለምን?" አልኩት።

"አንጎሉ ፈጣን ነው።" አንጎል የሚለው ስሌቱን ሁሉ የሚሠራውን ጥቁር ቁራጭ ነው። "አንጎሉ ፈጣን የሆነ ማሽን ይሞቃል፤ ይሄ ደግሞ ድፍን ነው፣ መተንፈሻ የለውም። የተሠራው ለብርድ አገር ነው። እዚህ ማሽን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሻንጣዋን ውሰዱ። ማራገቢያ አላት፣ አንጎሏም ደህና ነው።"

"ስክሪኗ ግን..."

"ትንሽ ናት። ምን ይደረግ? ትልቅ ምስል፣ ፈጣን አንጎል፣ ማራገቢያ፣ ሦስቱም አብረው አይገኙም።"

ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና እንደ ፊዚክስ ጥያቄ ነው የያዝኩት። የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው፤ ስለዚህ ምስሉ ትልቅ መሆን አለበት። የስክሪንን ትንሽነት ማንም ሊያስተካክለው አይችልም። የአንጎልን ዘገምተኝነትም እንዲሁ። ሙቀት ግን ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድ ነገር ነው፤ መንገድ ከሰጡት ይወጣል። ይህን በየዓመቱ ለዐሥረኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ቀስት እየሳልኩ።

"ሙቀቱን ለእኔ ተዉት" አልኩ።

ራዲዮ ሠሪው ትከሻውን ሰበቀ። አባቴ ግን ፊቴን አየና "አስተማሪዋ ብላለች" አለ በኩራት። ከጡረታው አጠራቅሞ ከያዘው ከፈለ። ነጋዴዋ ማሽኑን በሰሌን ጠቅልላ፣ ከላይ የጨርቅ ጥቅል አስራበት፣ በጋሪ ቤታችን ድረስ ላከችልን።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከመስኮቱ ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በሰው ቤት መኖሩ ከተሰማ ቀበሌ ምን እንደሚል አናውቅም ነበር። ኮንትሮባንድ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ መልእክት መላላኪያ ነው ቢሉንስ? ያን ሰሞን ከክፍሌ ወንበር እየጎደለ ነበር፤ ተማሪዎቼ ለብሔራዊ ውትድርና እየተወሰዱ፣ ጠዋት ስም ስጠራ የማይመልሰው እየበዛ። ለማንም ማስረዳት የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ አባቴ ሲጫወት መስኮቱን ሁሉ እንዘጋለን። ድሬዳዋ ላይ፣ በግንቦት፣ በቆርቆሮ ጣራ ስር፣ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይግላል፣ ማሽኑ ይግላል፣ እኛ ሁለታችን እንግላለን። ሩብ ሰዓት ሲሆን ምስሉ መፈረካከስ ይጀምራል፣ ከዚያ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች።

ያልሞከርኩት የለም። የጠረጴዛ ማራገቢያ አቆምኩበት፤ የክፍሉን ሞቃት አየር መልሶ ማሽኑ ላይ ከመንፋት ሌላ ያመጣው የለም። እርጥብ አሸዋ በትሪ አድርጌ ማሽኑን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ትንሽ ረዳ። ከማቀዝቀዣ በረዶ አውጥቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ከስሩ አደረግኩ፤ በማግስቱ ላስቲኩ ላይ የተጠራቀመው ጤዛ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ለጥቂት ደረስኩበት። በመጨረሻ ራዲዮ ሠሪውን ለምኜ አመጣሁት። ማሽኑን ከፍቶ፣ ከአሮጌ ድስት ክዳን የቆረጠውን አሉሚኒየም አንጎሉ ላይ አጣብቆ፣ ከላይ የነበረውን ድፍን ፕላስቲክ አነሣለት።

"አሁን ሆዱ ተከፍቶ ነው የሚሠራው" አለ። "አቧራ ከገባበት እኔ የለሁበትም።"

ሩብ ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ሆነ፣ ማለዳ ላይ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ። አባቴ የባቡር ሰው ስለሆነ የጋለ ብረት የሚለካው በእጁ ጀርባ ነው፤ በየጥቂቱ እጁን ማሽኑ አጠገብ ያደርግና "ገና ነች፣ ገና ነች" ይላል። ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኔ ለትምህርት ቤት ስዘጋጅ፣ እሱ ሽርጡን አገልድሞ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ከጓዳ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ። "ዋሪያ! ከፊቴ ዞር በል!" ይላል፤ የሚሳደበው ቴሌቪዥን ውስጥ ያለችን ሰማያዊ መኪና ነው። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ኖርን። ደስተኞች ነበርን ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ መሳብ ጀመረ።

መጀመሪያ አንድ ክንድ ያህል ነው። ቀጥሎ ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ሆነ። የማሽኑ ሽቦ አልደርስ ሲለው ራዲዮ ሠሪው ዘንድ ልኮኝ አስረዘምኩለት። ጥቂት ቆይቶ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጫወት ጀመረ። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ዓይኑ የተሻለው መሰለኝ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ዓይኑ ደህና ነው ብዬ። እንዲያውም "አባዬ፣ ጠብታው እየረዳህ ነው" አልኩት።

"ይመስለኛል" አለኝ።

ጠብታው ግን ከፋርማሲ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ነጋዴዋ ከጅቡቲ ስትመለስ አንዳንዴ ታመጣልናለች፣ አንዳንዴ ባዶ እጇን ትመጣለች። ሳምንታት ያለ ጠብታ ያልፋሉ። እሱም ያለው እንዳያልቅ ብሎ ሳይነግረኝ እየቆጠበ ይጠቀም እንደነበር የደረስኩበት በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ለጥቂት ቀን መምጣቱን ስሰማ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት፣ ትሑት ሰው ነበር። አባቴን "አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ" አለውና ጣቱን ከጎን ቀስ እያደረገ አመጣ።

"ጣቴ ሲታይዎ ይንገሩኝ።"

ጣቱ መጣ፣ መጣ። እኔ አየዋለሁ። አባቴ ዝም ብሏል። ጣቱ አፍንጫው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው "አሁን" አለ። በሌላው ጎንም እንዲሁ ሆነ። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቀኝ ሐኪሙ ቁጭ በይ አለኝ።

"አባትሽ የሚያዩት በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነው" አለ። "መሃሉ አለ፣ ዙሪያው የለም። በሽታው ሲጀምር ከዳር ነው የሚበላው።"

"ግን ከሩቅ ያያል። ቴሌቪዥን የሚያየው ከግድግዳ ጥግ ሆኖ ነው።"

"ከሩቅ ሲሆን ምስሉ ያንሳላቸዋል። ሲያንስ በቧንቧው ውስጥ ይገባል። ቅርብ ሲሆኑ መሃሉን ብቻ ነው የሚያዩት።"

"የጠፋው ይመለሳል?"

ራሱን ነቀነቀ። "የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታው ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት።"

ሳይቋረጥ ከየት እንደማመጣው ጠየቅሁት። ወረቀቱ ላይ ስሙን ጽፎ ሰጠኝ፤ እሱም ከዚያ በላይ ሊያደርግልኝ የሚችለው ነገር አልነበረም።

አባቴን ቤት አድርሼ ሳልቀመጥ ተመልሼ ወጣሁ። እግሬ ወዴት እንደሚሄድ ያወቅሁት ቀፊራ ስደርስ ነው። ያቺ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ስክሪን! ከፊቱ ብትቀመጥ ሙሉዋ በዓይኑ ውስጥ ትገባ ነበር። ትልቁን የመረጥኩት ለዓይኑ ብዬ ነው፤ ዓይኑ ግን የሚፈልገው ትንሹን ነበር። ማራገቢያዋም ከነድምፁ አብሯት ነበር። አንድም ነገር ማቀዝቀዝ አያስፈልገኝም ነበር።

ነጋዴዋ ከሱቋ ደጃፍ ተቀምጣለች።

"ያቺ ሻንጣ አለች?"

"የቱ ሻንጣ?"

"ኮምፒዩተሩ። እጀታ ያለው።"

"አቦ ቲቸር! እሷማ ከሄደች ቆየች። ጅጅጋ የሚሄድ ሰው ወሰዳት።"

"ማን ነው? የት ይገኛል?"

ፊቴን አይታ ከተቀመጠችበት ተነሣች። "ሰውየውን አላውቀውም። መንገደኛ ነው፤ ገዛ፣ ሄደ። ምን ሆንሽ? አባትሽ ደህና ነው?"

ውሃ አመጣችልኝ፣ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ሌላ ሻንጣ ጅቡቲ ካየች እንደምታመጣልኝ በፈጣሪ ስም ማለችልኝ። በእርግጥም ሁለት ጊዜ ስትመላለስ ፈልጋለች፤ አላገኘችም።

ለአባቴ ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት፤ የሻንጣውን ነገር ግን አልነገርኩትም። ጨዋታውን አልተወም። ከግድግዳው ስር ተቀምጦ መንገዱን ያያል፣ ከዳር የሚመጡትን መኪኖች ግን አያይም፤ ሳያያቸው ይገጩታል። ስለዚህ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ መናገር ጀመርኩ።

"ከግራ መጣ! ወደ ቀኝ!"

"ስንት ናቸው?"

"አንድ። አለፈ። አሁን ከቀኝ!"

እንዲህ ስንል ሁለታችንም ላብ በላብ እንሆናለን። ትምህርት ቤት አርፍጄ የምደርስበት ቀን በዛ። ሳምንት በሳምንት ቧንቧው ሲጠብ ከአነጋገሩ ይታወቀኛል። በመጨረሻ መንገዱንም ማየት አቃተውና የሚነዳው በእኔ አፍ ብቻ ሆነ። እኔ ደግሞ እስክናገር፣ እሱ እስኪሰማ፣ ጣቱ እስኪነካ መኪናዋ ተገልብጣለች። ፈጣኑ አንጎል እኛን አይጠብቅም። አባቴ "ይሄስ ፍሬን የያዘው ባቡር ነው" ብሎ የናቀው፣ ያ ዘገምተኛው ማሽን ቢሆን ኖሮ ሳይጠብቀን አይቀርም ነበር።

አንድ ማለዳ መኪናዋ ገና ከመነሻው ተጋጭታ ቆመች። እሱ ቁልፉን መጫኑን አላቆመም። እኔም መናገሬን ማቆም አቃተኝ።

"ወደ ግራ... ጎበዝ። አለፍከው። አሁን ቀጥ በል። ድልድዩን ተሻገርክ።"

ለትንሽ ጊዜ ነዳ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ፈገግታ ይመስል ነበር። ከዚያ ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ።

"መኪናዋ ስትሄድ ድምፅ አላት" አለኝ ቀስ ብሎ። "ድምጿ ከጠፋ ቆየ።"

አንገቴን ደፋሁ። እንደማያየኝ ባውቅም ደፋሁ።

"ደከመሽ" አለኝ። አልተቆጣም። "ሂጂ፣ ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል።"

ማሽኑ የተቃጠለው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። እኔ አልነበርኩም። አባቴ ብቻውን አብርቶት፣ ድምፁን እየሰማ ተቀምጦ ነበር። እኔ አጠገቡ ስላልነበርኩ እርጥብ አሸዋ ያደረገለት የለም። ስመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ እሱ ሶኬቱን ነቅሎ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ራዲዮ ሠሪው ከፍቶ አየው። አንጎሉ ዙሪያ ያለው ሰሌዳ ጠቁሯል። መለዋወጫው እዚህ አገር እንደሌለ ነገረን፤ ስለ ሙቀቱ አስጠንቅቆን እንደነበር ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ለረጅም ጊዜ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። መንግሥት ተለወጠ፣ ጠብታው ፋርማሲ ውስጥ መገኘት ጀመረ፤ ለእሱ ግን ዘግይቶበት ነበር። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የቀረው ዓይን አልነበረውም። አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ፣ ስለ ሻንጣው ነገርኩት። ለምን ትንሹ ስክሪን ይሻለው እንደነበር፣ ሮጬ ሄጄ እንዳጣሁት፣ ሁሉንም።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ሻንጣዋ ውስጥ መኪናዋ ነበረች?" አለኝ።

አሰብኩ። ሻንጣው ላይ ያየነው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። የመኪናው ጨዋታ ይኑራት አይኑራት ያን ቀን ማናችንም አልጠየቅንም።

"አላውቅም" አልኩት።

"እኔም አላውቅም" አለ። ትንሽ ቆይቶ ጠማኝ አለኝ፤ ውሃ ቀዳሁለት። ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጠው ስለማያገኘው እጁን ይዤ ብርጭቆውን አስጨበጥኩትና፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅሁት።